ሚኒ ማርኬቱ ከጉልት ይማር

አዲስ አበባ ውስጥ ጉልትና ሚኒ ማርኬት ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ ፍሪጅም መደርደሪያም አለው። ሌላዋ ማዳበሪያ አንጥፋ መሬት ላይ ትሸጣለች። እኔ እንደማየው ግን አትክልት የሚጣለው ይበልጥ ከባለ ፍሪጁ ቤት ነው።

ጉዳዩ የዋጋ ነው። የጉልቷ ነጋዴ ጠዋት ቲማቲሙን ትለያለች። ጠንካራውን ለብቻ፣ የበሰለውን ለብቻ ትመድባለች። ጎኑ የተመታውን ደግሞ «ለስልስ ይሆናል» ብላ በርካሽ ታቀርበዋለች። ሲመሽ ትመርቃለች። ሚኒ ማርኬቱ ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ ከትቶ አንድ ዋጋ ይለጥፋል። ደንበኛው እየጨመቀ ደህና ደህናውን ይመርጣል (ይህ አመላችን ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል)። የተጨመቀው እዚያው ይቀራል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ላይ ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ የችርቻሮ ንግድ ድርሻ 12 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። እስቲ ሱቅ ውስጥ ገብተን እናስላው። ባለሱቁ 20 ኪሎ ቲማቲም ኪሎውን በ50 ብር ገዝቶ በ60 ሊሸጥ አሰበ እንበል። 200 ብር ያተርፋል። 4 ኪሎው ከተበላሸ ግን እጁ የሚገባው 960 ብር ነው፤ ከዋናውም 40 ጎደለ። ያንኑ 4 ኪሎ ገና ሲለሰልስ ኪሎውን በ40 ብር ቢለቀው፣ 120 ብር አትርፎ ይገባል። «ዋጋ ከሰበርኩ ሰው ይለምድብኛል» የሚሉ አሉ። ይልመዳ! የማታ ደንበኛ አገኘህ ማለት አይደል?

ወተት ላይ ነገሩ ይከፋል። ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይ ደግሞ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ወተት ፈላጊ እንደሚቀንስ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ታዲያ ለምን ለረቡዕም የቅዳሜውን ያህል ይታዘዛል? ጊዜው ያለፈበት ወተት እንደ ቲማቲሙ በቅናሽ አይሸጥም፣ ይጣላል። እዚህ ላይ ማሰብ የሚያስፈልገው ሲታዘዝ ነው።

ሌላም ወጪ የሌለው ነገር አለ። ሙዝ፣ አቮካዶና የበሰለ ቲማቲም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ጎመንና ኪያር አጠገባቸው ከዋሉ ቶሎ ይበላሻሉ። ማራራቅ ነው።

የዱቤ ደብተር የሌለው ሱቅ ብርቅ ነው። የተጣለውን የሚመዘግብ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለሱቁ አንድ ወር ብቻ በኪሎና በብር ቢጽፈው፣ አከፋፋዩ «ሙሉ ሳጥኑን ውሰድ» ሲለው ከጎረቤት ሱቅ ጋር ለመካፈል ይደውል ነበር።