ቀርፋፋ ነው አሉ!

ኧረ እኔስ ታከተኝ! «ዘ ዌይ» የሚባለውን ፊልም ባነሳሁ ቁጥር «ይንቀረፈፋል፣ ያላቅሳል» የሚል ሂስ ይጠቀስልኛል። ልጁ የሞተበት አባት ከፈረንሳይ ተነስቶ ስፔን ሳንቲያጎ ድረስ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው በእግር ነው እኮ! ምን ይደረግላችሁ፣ በሞተር ሳይክል ይሂድ?

ደግሞ «የቤተሰብ ሥራ ነው» ይሉኛል፣ እንደ ነውር። አዎ፣ ዳይሬክተሩ ኤሚሊዮ ኤስቴቬዝ፣ መሪ ተዋናዩ አባቱ ማርቲን ሺን። የሞተውን ልጅ የሚጫወተውም ራሱ ኤሚሊዮ ነው። አባት የልጁን አመድ ተሸክሞ በየመንገዱ ቆንጠር እያደረገ ሲበትን አንጀት የሚበላው እኮ ለዚሁ ነው!

እሺ፣ ከአባትየው ጋር የሚጓዘው አየርላንዳዊ ደራሲ ወሬ ያበዛል፤ እሱን እቀበላለሁ። ግን ያቺ አመዱን የያዘች ቦርሳ ከድልድይ ወንዝ ወድቃ አባትየው ተከትሏት ውሃ ሲገባ፣ እናንተ ስልካችሁን ነበር የምትነካኩት?