ማርሚታው ይቀየር፣ ግንዛቤው ይቆየን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ በክፍለ ከተማችን በተጠራ የነዋሪዎች መድረክ ላይ ማርሚታቸውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ ሣጥን፣ አስቆርጠው ሌሊት የሚጮኹ መኪኖች ጉዳይ ተነሳ። ያነሱት ከአስፋልቱ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። «እሳቸው ታመው ተኝተዋል፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንድ መኪና እንደ መትረየስ እየተንጣጣ ሲያልፍ ደንግጠው ይነሳሉ፤ ከዚያ እስኪነጋ እንቅልፍ የለም» አሉ፣ ስለ ባለቤታቸው። መልስ የሰጡት ኃላፊ ፈገግ ብለው፣ «እናቴ፣ ድምፅ ያለው መኪና እኮ ሐረጎ ዳገት ኩርባ ላይ ሰው ያድናል፤ ከሩቅ ይሰማላ!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ጉዳዩም በቅጣት ሳይሆን «በግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» እንዲፈታ ተወሰነና ተበተንን።

እኔ አልሳቅሁም። በ2014ቱ ጦርነት በጥቅምትና ኅዳር እውነተኛውን መትረየስ የሰማ ከተማ ውስጥ ይህ ነገር እንዴት እንደሚያስቅ አይገባኝም።

እስቲ ከሐረጎው፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ከሚያገናኘው ጠመዝማዛ ዳገት፣ እንጀምር። የጭስ ማውጫ አፉ የሚያየው ወደ ኋላ ነው፤ ኩርባ ላይ የሚያሰጋው ደግሞ ከፊት የሚመጣው። ከኮምቦልቻ ጭነቱን ተሸክሞ በአንደኛ ማርሽ እያጓራ የሚወጣ የሲኖትራክ ሹፌር የራሱን ሞተር እንጂ የማንንም ቱቦ አይሰማም። እግረኛውም ቢሰማ፣ ተራራው ድምፁን እየመለሰ ስለሚያስተጋባ ከየት በኩል እንደሚመጣበት አያውቅም። ለዚህ ለዚህማ ፋብሪካው ክላክስ የሚባል ነገር፣ ያውም ከፊት ለፊት፣ ገጥሞ ልኮልን የለም ወይ? ደግሞስ እኚያ እናት የሚኖሩት ሐረጎ ላይ ነው እንዴ? ታማሚው የተኙት ከተማ መሃል፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ሰፈር ነው። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!

ማርሚታውን የሚያስቆርጡት ልጆች ሰበብ ሌላ ነው። «ማርሚታው ሲወጣ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ጉልበት ይጨምራል» ይላሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔም አምኜው ገንዘብ ከፍዬበታለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለች ኮሮላ ገዛሁ። የቀድሞ ባለቤቷ ዋናውን ማርሚታ አስቆርጦ፣ ክንድ የሚያስገባ ቀጥ ያለ ቱቦ አስበይዶባት ነበር። ሻጩ ይህን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ዋጋ ጨመረበት፤ እኔም ሞኙ ጨመርኩ። ለሁለት ሳምንት ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ሐይቅ ደርሼ ስመለስ ራሴን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ይዞኝ ገባሁ። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሲደርስ መኪናው ውስጥ እንደ ተቆጣ የንብ ቀፎ የሚያስገመግም ድምፅ ይሞላል፤ ሬዲዮ ብትከፍት አይሰማ፣ መስኮት ብትዘጋ አይቀንስ። ቡና የሚጠሩኝ ጎረቤቶቼም «ትናንት በሰላም ገባህ፤ ሰማንህ» ማለት ጀመሩ። ወሎዬ ሲቆጣ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ የገባው ይገባዋል።

ጉልበቱስ? ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። ተርቦ (አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው፣ ፋብሪካው 80 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 60 ይወርዳል። የጠፋው ሃያ የጠፋው በመግቢያው ነው፤ ልጆቻችን የሚቆርጡት ደግሞ መውጫውን። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ የሚተፋው ጭስም አብሮ ያንሳል። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ ባሕር ዳርቻ ለሚሠራ ሞተር ተለክቶ የተሠራው ያ የሚንቁት ማርሚታ፣ ለደሴ ሞተር የማይጠብበት ብቻ ሳይሆን የሚሰፋው ነው። ይህን ቆርጦ ቱቦ መበየድ ሩብ እንግዳ ለቀረበት ድግስ ድንኳን እንደ ማስፋት ነው። የውድድር መኪና ሲሆን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሞተሩም፣ ነዳጁም፣ ዙሩም አብሮ ተስተካክሎለታል። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ከኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ከፍታ የሚወጣ ኮሮላ ግን የውድድር መኪና አይደለም፤ ቱቦው ቢጮኽም አይሆንም።

ዋናውን ዓይነት ማርሚታ ካስመለስኩ በኋላም ሐረጎን የምወጣው በዚያው በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው። ኩርባዎቹ ያው፣ የምደርስበትም ሰዓት ያው። የቀረብኝ ነገር ቢኖር በጩኸቱ የፈጠንኩ መምሰሌ ብቻ ነው። ይህ ለእኔ በቂ ማስረጃ ነው፤ ይህ ያልበቃው ሌላም አይበቃውም።

ታዲያ መቀየሩም ብልሃት አለው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ነው የከፈልኩት። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ «ስፖርት» የሚሉትን ገጠመልኝ፦ ውስጡ የተበሳሳ ቀጥ ያለ ቱቦ፣ ዙሪያውን እንደ ጥጥ በታጨቀ የመስታወት ክር የተሸፈነ። ይሄ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙን ግን ያሳልፋል፤ ክሩም ከጊዜ ጋር እየተበጣጠሰ፣ በጭሱ እየተገፋ ወጥቶ ሲያልቅ ጩኸቱ ይመለሳል። ጎረቤትን የሚያስነሳው ደግሞ ወፍራሙ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሠራ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይተኩሳል፤ ያ ጉምጉምታ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ አያቆመውም። የሚያቆመው ውስጡ በላሜራ ክፍል ክፍል ተደርጎ የተሠራው፣ ጭሱ ሄዶ ተመልሶ፣ ድምፁ ከራሱ ጋር ተጋጭቶ የሚሞትበት የፋብሪካው ሣጥን ነው። ሁለተኛው በያጅ ያገለገለ ግን ያልዛገ አገኘልኝ። ቱቦውን ቆረጠ፣ ማርሚታውን በየደ፣ የመጋጠሚያውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን በአዲስ ለወጠ፣ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን ቀየረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ ሰባት ሰዓት ላይ ወጣች። የከፈልኩት ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ያነሰ ነው። የከተማውን ዕድሜ ያሳጥራል እየተባለ ስብሰባ የሚጠራበት ችግር መድኃኒቱ ይህ ነው፦ ግማሽ ቀንና አንድ በያጅ።

ደሴ ላይ ሌሊት የሚጮኽ መኪና ሌላ ቦታ ከሚጮኸው የሚከፋበት ምክንያትም አለ። ከተማችን በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል እንደ ገበታ ጎድጎድ ያለች ናት። ሰማዩ ጠርቶ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ብርዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ያለው አየር ከታቹ ይልቅ ሞቅ ብሎ ይቀራል፤ ወደ ሰማይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ፒያሳ ላይ አንዱ ነዳጅ ሲሰጥ ዳገት ላይ ያለው ቤት መስኮቱ የሚርገበገበው ለዚህ ነው። አንድ ልጅ ይደሰታል፣ አንድ ከተማ ይነቃል።

አሁን ወደ «ግንዛቤው»። በዚህ አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ቆይቷል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያም ይታወቃል፤ ቀን 55 ዴሲቤል፣ ሌሊት 45። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ በየአሥሩ ጭማሪ የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል። ሕጉ ካለ፣ ቁጥሩ ካለ፣ የምን ግንዛቤ ነው የምንጠብቀው? ልጁ ግንዛቤ አጥሮት አይደለም፤ እንዲሰማ ብሎ ነው ገንዘብ የከፈለበት! ሰው መተኛቱን ያውቃል፤ ሰው የተኛበትን ሰዓት የመረጠው ለዚያው ነው። ለእሱ በፕሮጀክተር ሥዕል እያሳዩ ማስተማር ሙዝና ውሃ ለተሰብሳቢው ማደል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«መለኪያ የለንም» የሚለውንም ሰምቻለሁ። መለኪያው በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፤ ከቱቦው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ዞሮ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ነዳጅ ሰጥቶ በተወሰነ ዙር ላይ ማንበብ ነው። ይህን የሚከለክል በጀት ካለ የመድረኩን የሻይ በጀት ይውሰዱለት። ደግሞም ምርመራው መንገድ ላይ ይሁን። ቦሎ ሲደርስ ዋናው ማርሚታ ከጓሮ ይወጣል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ያልፋል፣ በማግስቱ ማርሚታው ወደ ጓሮው ይመለሳል፤ ይህን የማያውቅ የደሴ መካኒክ ካለ ያልሠራ መካኒክ ነው።

አንድ ነገር እሺ እላለሁ። ማርሚታው በዝገት የተበሳበት ባለ ባጃጅና ባለ አሮጌ አይሱዙ ከዚህ ጋር አይደባለቅ፤ እሱ የዕለት ጉርሱን ነው የሚያሳድደው፣ ጊዜ ይሰጠው። ከፍሎ የሚጮኸው ግን ከፍሎ ይዝጋው።

ያን የቀድሞውን ቱቦዬን በያጁ «ልግዛህ፣ ፈላጊ አለው» ብሎኝ ነበር። አልሸጥኩለትም፤ እስካሁን ጓሮ ተቀምጧል። የግንዛቤው መድረክ ቀኑ ሲነገር ይዤው እመጣለሁ፤ ኮሮላዋ ላይ አስገጥሜ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ኃላፊው በር ላይ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነዳጅ እንድሰጥ ይፈቀድልኝ።