ፈተናው ተራዝሟል… የሚባለው

ተማሪዎቼ ኢሜይል አይከፍቱም። ማስታወቂያ ሰሌዳውን ደግሞ ተደግፈውት ስልካቸውን ይነካካሉ እንጂ አያነቡትም። ስለዚህ እኔም ስልካቸው ውስጥ ልግባ አልኩ። ቴክስት ኢንተርኔት አይጠይቅም። ቁልፉ የተፋቀ አሮጌ ስልክም ይቀበለዋል።

ለ80 ተማሪዎች የመጀመሪያዋን ላክሁ፦ «የነገው ክላስ ቁጥር 12 ክፍል ነው።» 61 «እሺ» መጣልኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሲንዘፈዘፍ አመሸ። 18ቱ «ማን ልበል?» አሉኝ። አንዱ ደግሞ «ተሳስተሃል ወንድሜ» ብሎ ሸኘኝ። ይሄ ልጅ ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

ጉዱ የፈላው ግን በፈተናው ዋዜማ ነው። ፈተናው ተራዘመ የሚል ወሬ ሲናፈስ ሰማሁና ላስተባብል ተነሳሁ። በዓለም የመጀመሪያው ቴክስት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 የተላከው፣ «መልካም ገና» ብቻ ነበር የሚለው። እኔ ግን ያለ ሰላምታ ወሬ መጀመር ያሳፍረኛል። እንዲህ ጻፍኩ፦

«ውድ ተማሪዎቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት የሚሰጠው ፈተናችሁ ወደሚቀጥለው ሳምንት ተራዝሟል የሚባለው ወሬ ውሸት ነው።»

አንድ ቴክስት የሚሸከመው 140 ባይት (የመረጃ መስፈሪያ) ነው። የላቲን ፊደል ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ 160 ይገባል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ይዞ፣ ዘርጋ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ይቆረጣል፤ ቁርጥራጮቹን መልሶ ለማገጣጠሚያ የሚሆን ቦታም ስለሚነሳ ለእያንዳንዱ 67 ይቀራል። የአማርኛ ግሥ ደግሞ እንደ ክብር እንግዳ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።

በኋላ ክፍት ቦታውንም ነጥቡንም ጨምሬ ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩት። ስልሳ ሰባተኛዋ ፊደል የ«ተራዝሟል» «ል» ናት።

ሁለተኛው ቁራጭ መንገድ ላይ ቆሞ አደረ። ጠዋት ፈተናውን ታቅፌ ስገባ አንድ ተማሪ ብቻ ተቀምጧል። ባትሪው ዘግቶበት ነበር። ገና ወረቀቱን ሳልሰጠው ስልኬ ጮኸ፦ «ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! እንቅልፋችንን ጠገብን።»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ትቻለሁ። ማስታወቂያም ቀንሻለሁ። አሁን የምልከው አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ፣ ራሱን እየፈተነ ያገኘውን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር፤ የተማርነው በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ ከዚያ መርሳቱ ይዘገያል። ማታ አንድ ጊዜ፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ማታ ስል ግን እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ «ቲቸር ተኙ?» መልስ አልሰጥም። ለነገሩ የሚገርመኝ፣ እንዲህ ብለው የሚጽፉት ክላስ ውስጥ ትንፍሽ የማይሉት ናቸው። ከዚህኛው በር ሲገቡ ግን ጥያቄያቸው አያልቅም።

ሰባ ፊደል ይጨንቃል። የማስተምረው ስታቲስቲክስ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ነገር አብሮ መታየቱ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን እንደማያሳይ በግራፍም በቀመርም ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩ። ማታ ስጽፈው ስሰርዘው ቆይቼ ይሄን ላክሁ፦ «ጃንጥላና ጎርፍ አብረው ይታያሉ። ጎርፉን ያመጣው ጃንጥላው ነው?»

አርባ ፊደል። ተንጠራርቼ ሳልጨርስ መልስ መጣ፦

«ቲቸር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስተማሩን ይሄን ነው እንዴ?»