ጦርነትን በጦርነት ለሚለኩ ሊቃውንት የቀረበ ምስጋና

አንድ ጦርነት በፈነዳ ማግስት ተራው ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ማን ጀመረው፣ ስንት ሰው ሞተ፣ የትስ ይደርሳል፣ መቼ ያበቃል እያለ ይጨነቃል። እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ካርታ ማገላበጥ፣ የአገሩን ሰዎች ቋንቋ መስማት፣ ሲብስም እስከ ቦታው መሄድ ያስፈልጋል። ምስጋና ይግባቸውና ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚገላግሉን ሊቃውንት አሉ። እነርሱ የመጀመሪያው ጥይት ጭስ ሳይበን «ይህ ጦርነት የትኛውን ጦርነት ይመስላል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ በእጃቸው ስለሚገኝም በዚያው ምሽት በቴሌቪዥን ቀርበው ለሕዝቡ ያድሉታል። ጦርነቱ የተነሳበትን አገር የከተሞች ስም አስተካክለው መጥራት ቢያቅታቸው አይፈረድባቸውም፤ የአሮጌውን ጦርነት ከተሞች አንድ በአንድ ያውቋቸዋልና።

ሙያው ጥንታዊና የተከበረ ነው። የፔሎፖኔዝን ጦርነት የጻፈው ግሪካዊው ቱሲዲደስ ገና ከመነሻው የእርሱ ዘመን ጦርነት ከትሮይም ሆነ ከፋርሶች ጋር ከተደረገው ጦርነት እንደሚበልጥ ለማስረዳት ብዙ ቀለም አፍስሷል። የዛሬዎቹ ወራሾቹ ከእርሱ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱ አነጻጽሮ ሲያበቃ ስለ ጦርነቱ ራሱም ጽፏል።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ የሙኒክን ያህል ያገለገለ የለም። በ1938 መጸው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን ከሂትለር ጋር ሙኒክ ላይ ተስማምተው ሱዴተንላንድን አሳልፈው ሰጡ፤ መሬቱ የእነርሱ የነበረው ቼኮዝሎቫኮች ወደ ስብሰባው እንኳ አልተጠሩም። ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሙኒክ የማትከፍተው በር ጠፍቷል። አጠቃቀሟም እንደሌሎቹ መለኪያዎች አያስቸግርም፤ ጠላት የተባለው ሁሉ ሂትለር ይሆናል፣ «እስቲ መጀመሪያ እንነጋገር» ያለው ምስኪን ሁሉ ቻምበርሌን ይሆናል፣ ቸርችል መሆን ለሚፈልግ ግን ቦታው ምንጊዜም ክፍት ነው። ጋማል አብደል ናስር በ1956 የስዌዝን ቦይ የግብፅ ንብረት ሲያደርጉ የለንደኑ ጠቅላይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን ወዲያው የ1930ዎቹ አምባገነኖች ትዝ አሏቸው፤ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሆነው ዘመቱ፤ ወዳጅ የተባለችው አሜሪካ በፓውንዳቸው በኩል ጉሮሯቸውን ስትይዝ ደግሞ ዘመቻው በቀናት ውስጥ ቆመ። በጃንዋሪ 1957 ኢደን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ንጽጽሩ ግን አንዳች ጉዳት ሳይደርስበት ከስዌዝ ወጥቷል።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ክብር አልተነፈግንም። ሰሜን ኮሪያ በ1950 ደቡቡን በወረረች ጊዜ ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን ወደ ዋሽንግተን በሚመለሱበት አውሮፕላን ውስጥ በ1930ዎቹ ተወርረው ዓለም ዝም ያላቸውን ማንቹሪያን፣ ኢትዮጵያንና ኦስትሪያን ያስታውሱ እንደነበር በኋላ ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ጄኔቭ ድረስ ሄደው የመንግሥታቱን ማኅበር ሲማጸኑ ጆሮ የነፈገን ዓለም፣ ከ14 ዓመት በኋላ በምሳሌነት ሲያስታውሰን ደስ የማይለው ማን አለ? ምሳሌ ከሆንን ዘንድ የቃኘው ሻለቃ ልጆችም ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ተራሮች ላይ እየተዋጉ ምሳሌነታችንን በደማቸው አጽንተዋል።

ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን በጁላይ 1965 ወደ ቬትናም ተጨማሪ ጦር መላካቸውን ሲያስታውቁ ስለ ሜኮንግ ወንዝ ገበሬዎች ብዙ አላሉም፤ ይልቁንም ሂትለር ሙኒክ ላይ ያስተማራቸውን ጠቀሱ፤ ወራሪ በተሳካለት ቁጥር የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል አሉ። በመንግሥታቸው ውስጥ የነበሩት ጆርጅ ቦል ግን ቀደም ብለው ደቡብ ቬትናም ኮሪያን አትመስልም፣ ከመሰለችም ፈረንሳዮች በ1954 ዲየን ቢየን ፉ ላይ የደረሰባቸውን ሽንፈት ትመስላለች ብለው ጽፈው ነበር። ሰውየው ሙያውን አልተረዱትም። ንጽጽራቸው ከምንም በላይ የተስማማ ነበር፤ ጉድለቱ ወደ መውጫው እንጂ ወደ መግቢያው የሚመራ አለመሆኑ ነው። የተካኑት አመሳሳዮች ልብሱን አስቀድመው ሰፍተው ሲያበቁ የሚስማማውን ገላ እንደሚያፈላልግ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ክንዱ ቢረዝም እጅጌውን አይነኩም፣ ክንዱን ያሳጥሩታል።

የዚህ ጥበብ ወርቃማ ዘመን የኢራቅ ጦርነት ነው። ቀድሞ ነገር አባት ቡሽ የኩዌት ዘመቻ ሲጠናቀቅ በማርች 1991 የቬትናምን ልክፍት፣ ማለትም ከዚያ ሽንፈት ወዲህ የመጣውን የጦርነት ፍርሃት፣ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ማባረራቸውን አብስረው ስለነበር፣ በ2003 ልጃቸው ባግዳድ ሲገቡ የሚመረጠው ምሳሌ ጀርመንና ጃፓን ሆነ፤ ሁለቱ አገሮች ተሸንፈው፣ ተይዘው፣ ዴሞክራሲም ሀብትም አግኝተዋልና። እዚህ ላይ ንጽጽር ወሬ ብቻ ነው የሚሉ ተቺዎች ሊያፍሩ ይገባል። በባግዳድ የተሾሙት የአሜሪካ አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር በሜይ 2003 ያወጡት የመጀመሪያው ትእዛዝ የሳዳም ሁሴን ገዢ ፓርቲ የነበረውን የባዝ ፓርቲ ሰዎች ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር ነበር፤ የተቀዳውም ጀርመንን ከናዚዎች ለማጽዳት ከተደረገው ዘመቻ ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ሠራዊቱን በተነ። በኢራቅ የባዝ አባልነት አንድ መምህር ወይም አንድ ሐኪም ደመወዙን እንዳያጣ የሚገባበት ጉዳይ መሆኑ፣ የተበተነውም ወታደር ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ መሆኑ በ1945ቱ ማኅደር ውስጥ ስላልተገኘ አልተቆጠረም። በ2003 ኦገስት ላይ ጥቃቱ ሲበረታ የፕሬዝዳንቱ የደኅንነት አማካሪ ኮንዶሊዛ ራይስና የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ የቀድሞ ተዋጊዎች ማኅበር ፊት ቀርበው፣ ከሽንፈት በኋላ በጀርመን ቬርቮልፍ የተባሉ የናዚ ሽምቅ ተዋጊዎችም እንደነበሩ አስታውሰው አጽናኑ። ቬርቮልፎቹ ይህ ነው የሚባል ጉዳት ሳያደርሱ እንደከሰሙ የሚያውቁ የታሪክ ሰዎች ቢያጉረመርሙም፣ የባግዳድ ሽምቅ ተዋጊዎች ግን ጀርመንኛ ስለማያነቡ እንዲከስሙ መታዘዛቸውን አልሰሙም።

ተቃዋሚውም ወገን ቢሆን ከምስጋናው መቋደስ አለበት። ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በኤፕሪል 2004 ኢራቅ የጆርጅ ቡሽ ቬትናም ናት አሉ። ፕሬዝዳንቱ በዚያው ወር ሲጠየቁ ንጽጽሩ ሐሰት ነው፣ ለወታደሮቻችንም ለጠላትም የተሳሳተ መልእክት ያስተላልፋል ብለው መለሱ። በኦክቶበር 2006 የአንድ አምደኛ ጽሑፍ ተጠቅሶ፣ የኢራቅ ጥቃት የቬትናም ኮሚኒስቶች በ1968 ድንገት የከፈቱትን የቴት ዘመቻ አይመስልም ወይ ሲባሉ ሰውየው ትክክል ሊሆን ይችላል አሉ። በኦገስት 2007 ደግሞ በራሳቸው አንደበት ቬትናምን አነሱ፤ አሜሪካ ከዚያ ስትወጣ ዋጋውን የከፈሉት ሚሊዮኖች ንጹሐን ናቸው፣ ስለዚህ ከኢራቅ አንወጣም አሉ። በ2004 ሐሰት የነበረው በ2007 እውነት ሆነ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ጊዜ ንጽጽሩ ውጡ ሲል በሁለተኛው ቆዩ ማለቱ ብቻ ነው። በዚያው ንግግር ጃፓንና ኮሪያም ተወስተዋል፤ በአንድ ቁጭታ ሦስት ጦርነት ያመሳሰለ ሰው ደግሞ ዕድሜ ይስጠው ከማለት በቀር ምን ይባላል። ክመር ሩዥ የተባሉት ኮሚኒስቶች ሕዝብ የፈጁባቸው የካምቦዲያ የግድያ ሜዳዎችም ተጠቅሰዋል፤ ታሪኩ ግን የሚጀምረው በ1975 ነው፣ አሜሪካ ካምቦዲያን ከ1969 እስከ 1973 በቦምብ የደበደበችበት ዘመን ለንጽጽሩ ስለማይመች በጨዋነት ታልፏል።

ከዚያ የሒሳብ ሊቃውንት መጡ። በቬትናም ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል፣ በኢራቅ የሞቱት 4 ሺህ 500 ገደማ ናቸው፣ ስለዚህ ኢራቅ ቬትናም አይደለችም አሉ። ሌላው ተነስቶ በቬትናም በአስገዳጅ ምልመላ የዘመተ ጦር ነበር፣ በኢራቅ ወዶ ዘማች ነው አለ። አንዱ ደግሞ ቬትናም ጫካ፣ ኢራቅ በረሃ መሆኗን በማስታወስ ክርክሩን ወደ እጽዋት ሳይንስ አሳደገው። በሠንጠረዡ በአንደኛው ዓምድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቬትናማውያን፣ በሌላኛው ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የኢራቅ ሰላማዊ ሰዎች ሊገቡ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ቁጥራቸው በትክክል ስለማይታወቅና ክርክሩም ስለ እነርሱ ስላልነበረ ሠንጠረዡ ከነንጽሕናው ቆየ። በፌብሩዋሪ 2006 በኢራቋ ሳማራ የሚገኘው የሺዓዎች ቅዱስ የአስካሪ መስጊድ ጉልላት በፈንጂ ሲፈርስ፣ ሱኒና ሺዓ ጎረቤታሞች በየሌሊቱ ሲገዳደሉና የባግዳድ ሰፈሮች በኮንክሪት ግንብ ሲለያዩ፣ ይህ ነገር በቬትናሟ ሳይጎንም በ1945ቱ በርሊንም አልታየምና ሊቃውንቱ ብዙ አልቆዩበትም። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ራምስፌልድ ተቺዎቻቸውን ፋሺዝምን ከሚያባብሉ የ1930ዎቹ ሰዎች ጋር አስተያዩአቸው። አንዱ ወገን 1938 ላይ፣ ሌላው 1968 ላይ ቆሞ ሲጯጯህ 2006 ባለቤት አጣ።

በፎቶግራፍም የሚያመሳስሉ አሉ፤ እነርሱ ማንበብ እንኳ አያስፈልጋቸውም። በኤፕሪል 29 ቀን 1975፣ አሜሪካኖች ከቬትናም ጠቅልለው ሲወጡ፣ ሳይጎን ላይ የተነሳውን ምስል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሄሊኮፕተር በጭንቅ ያረፈበት ጠባብ ጣሪያ፣ በጣሪያው ላይ የተደገፈ መሰላል፣ በመሰላሉ ላይ አንዱ ከሌላው ኋላ የተደረደሩ ሰዎች፣ ከላይ ጎንበስ ብሎ እጁን የዘረጋላቸው አንድ ሰው። ሁሉም የኤምባሲው ጣሪያ ይለዋል። ኤምባሲው አይደለም፤ የአሜሪካ ስለላ ድርጅት ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። ፕሬዝዳንት ጆ ባይደን በጁላይ 2021 ከካቡል ኤምባሲ ጣሪያ ላይ ሰዎች ሲነሱ አታዩም ብለው ቃል በገቡ ጊዜ ይህንኑ ጣሪያ ማለታቸው ነበር፤ ኦገስት 15 ቀን ታሊባን ካቡል ሲገባ፣ ሄሊኮፕተሮችም በኤምባሲው ላይ ሲያንዣብቡ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አንቶኒ ብሊንከን «ይህ ሳይጎን አይደለም» ብለው አረጋገጡ። ጉዳዩ ጣሪያን ከጣሪያ የማስተያየት ስለነበረ ክርክሩ ቀናት ወሰደ። በዚያው ሰሞን በካቡል አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር አፍጋኖች የፍሳሽ ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ ከአሜሪካኖች ጋር መሥራታቸውን የሚመሰክር ወረቀታቸውን እያውለበለቡ ነበር፤ ቦዩ በ1975 አቻ አልተገኘለትም።

የኢራቅን ዕድገት ሳላነሳ ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። አሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ከተለኪነት ወደ መለኪያነት ተሸጋግራለች። በሶርያ የኬሚካል ጥቃት የደረሰ ጊዜ የብሪታንያ ፓርላማ ኦገስት 29 ቀን 2013 በሶርያ ላይ የታሰበውን ዘመቻ 285 ለ272 በሆነ ድምፅ ጣለው፤ በክርክሩ ውስጥ የኢራቅ ስም ደጋግሞ ይነሳ ነበር። ሳምንት ከምናምን ብሎ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ ፓሪስ ላይ ይህ የእኛ ሙኒክ ነው አሉ። ሶርያውያን በአንድ ጊዜ ባግዳድም ሙኒክም ለመሆን በቁ፤ ደማስቆን የመሆን ተራ ግን አልደረሳቸውም።

ምንም የማይመስል ጦርነት ያለበት አገር ግን ከልብ ያሳዝናል። በ1998 በኮንጎ የተነሳው ጦርነት የበርካታ የአፍሪካ አገሮችን ጦር ያሳተፈ፣ በጥይት ካለቀው ይልቅ በበሽታና በረሃብ ያለቀው ሰው እጅግ የበዛበት ነበር። ሊቃውንቱ ሊረዱት ደክመዋል፤ «የአፍሪካ የዓለም ጦርነት» የሚል ስምም ወጥቶለታል። ከስሙ በኋላ ክርክሩ ሊቀጥል አልቻለም፤ ከተፋላሚዎቹ መካከል ሂትለር የሚሆነውን ለመምረጥ አስቀድሞ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ ማጥናት ያስፈልግ ነበርና። ደግነቱ የኮንጎ ጦርነት በይፋ አበቃ የተባለበት ዓመት 2003 ስለነበረ፣ ባግዳድ በጊዜ ደርሳላቸው ሥራ አልፈቱም።