ፍራው ገበየሁ

አሁን ባቡር ውስጥ ነኝ፣ ከዚያ የውጭ ዜጎች ቢሮ ወጥቼ ገና ሃያ ደቂቃ አልሞላኝም። ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ የጠበቅሁት የመኖሪያ ፈቃድ ተርሚን (ቀጠሮ) ዛሬ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ ወረቀቶቼን እንደ ዳዊት ደገምኳቸው። የቤት ኪራይ ውል፣ የጤና መድን፣ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ ብሎክድ አካውንት (ገንዘቤ ተቆልፎበት በየወሩ የሚለቀቅልኝ የባንክ ሒሳብ)፣ ፎቶ። የቀረኝ የክርስትና ስሜ ብቻ ነው።

"ፍራው ገበየሁ?" አለች ሴትዮዋ።

ገበየሁ አያቴ ናቸው። ፓስፖርቴ ላይ መጨረሻ የተጻፈው የእሳቸው ስም ስለሆነ ጀርመን ውስጥ እኔ ገበየሁ ነኝ። ከመሐል ሜዳ ገበያ አልፈው የማያውቁ፣ ሲቆጡ አገር የሚያርዱ ሰው እዚህ ወይዘሮ ሆነው ቀሩ። እሱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ዛሬ መጣ።

ቅጹን አገላበጠች። "የአባትዎ የቤተሰብ ስም ከእርስዎ ይለያል።" እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፣ የአባት ስም አለ፣ ከዚያ የአያት፣ እሱ ደግሞ የራሱ አያት አለው አልኳት። "ገባኝ። ታዲያ የቤተሰብ ስምዎ ማን ነው?" የለንም። "ሁሉም ሰው አለው።" እኛ የለንም ስልሽ! (ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት።)

"የእናትዎም ሌላ ነው።" እናቴ የራሷ አባት አላት፣ እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም አልኩ። እዚህ ጋ እንኳን ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። ታደንቀናለች ብዬ እኮ ነው! ብዕሯን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

"ስለዚህ ወላጆችዎ አልተጋቡም ማለት ነው?"

እናንተዬ! እማዬን! በቁርባን ያገባችውን እማዬን! የጀርመንኛ ኮርሱ እኮ ቆሻሻ በየቀለሙ መለየትና ስለ ባቡር መዘግየት ማማረር እንጂ ለእናት መሟገት አላስተማረኝም። "ናይን፣ ናይን፣ ተጋብተዋል፣ ድሮ" አልኩ እንደ ሕፃን። ጎን ያለው ሠራተኛ ሳይቀር ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ የሚያበግነው በ"እርስዎ" መሆኑ ነው። አንቺ ብትለኝ ቢያንስ እኩል ሆነን እንሰዳደብ ነበር። ጀርመንኛ አክብሮ ነው የሚያዋርድህ።

አላበቃችም። ብሎክድ አካውንቱ ላይ የእኔና የአባቴ ስም ብቻ ነው ያለው፣ ገበየሁ የለም። "ገንዘቡ የእርስዎ መሆኑ አልተረጋገጠም" አለችኝ። 11,904 ዩሮ! ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ የተዋጣው ሁሉ ግማሽ ሆኖብን፣ አጎቶቼ እንደ አዲስ እቁብ ጥለው የሞሉት ገንዘብ! የእኔ ካልሆነ በየወሩ 992 ዩሮ ቆንጥረው የሚለቁልኝ የማንን ነው?

ስም ማረጋገጥ እንደማይከብዳቸው ግን በደንብ አውቃለሁ። የራዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ሲጠይቁኝ ስሜም አድራሻዬም የተከራየሁበት ቀንም አልጠፋቸውም። ቴሌቪዥን የለኝም ብዬ ጻፍኩ። ባይኖርሽም ክፈይ ብለው መለሱልኝ። ያኔ ገበየሁም ሆነ አልሆነ ግድ የለም!

አሁን ባቡሩ ቆሟል፣ ለምን እንደቆመ የሚነግረን የለም። እስከዚያ ልቀጥል። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. እዚህ ጀርመን፣ ጎታ ድረስ መጥተው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ከእሳቸው አማርኛና ግዕዝ ሲማር የቤተሰብ ስም የጠየቃቸው ሰው ነበር? ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። ይኸው ስንት መቶ ዓመት! ከዚያ ወዲህ ዜናው እዚያች ቢሮ አልደረሰም። ባለፈው ሌላ ቦታ ጳጉሜን 3 ነው የተወለድኩት ብዬ፣ 13ኛ ወር አለን ስል ሰውየው የሰጠኝ ፈገግታ ራሱ እስካሁን ያመኛል።

ትናንት ማታ ደግሞ ኩሽናው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። "እባካችሁ ሽንኩርት ለሁለት ሰዓት አታብስሉ።" ስም አልጠራም። ስድስት ሰው በምንኖርበት ኮሪደር ሽንኩርት ሁለት ሰዓት የሚያቁላላ ሌላ ማን አለ? ቁሌቱን ጥዬ ፓስታ በላሁ። በርበሬው ከኢትዮጵያ የመጣ እኮ ነው፣ በኪሎ ተመዝኖ፣ የሰው ሻንጣ ተለምኖ!

ለማንኛውም ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ከኤምባሲ ስለ ስማችን የሚያስረዳ ደብዳቤ አምጪ ተብያለሁ፣ በጀርመንኛ የተተረጎመ፣ ማህተም ያለው። እስከዚያ የያዝኩት ጊዜያዊ ወረቀት ስሙ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? ፊክሲዮን። ልቦለድ! ቀልዴን አይደለም፣ አናቱ ላይ ተጽፏል። ጠባዩ ግን እውነተኛ ነው፤ እሱ ከጠፋ እኔም የለሁም።

አሁን እማዬ ደወለች። ወረቀትሽ አለቀ ወይ አለችኝ። እንዳልነግራት አስቤ ነበር፣ አፌ አልታዘዝ አለኝና ዘረገፍኩት። ትቆጣለች ስል ሳቀች፣ ሳቀችና "የሠርጋችንን ፎቶ ላኪላታ!" አለች።

ልኬ አየዋለሁ። ፎቶው ውስጥ አያቴም አሉ። ፍራው ገበየሁ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ካሜራውን በቁጣ እያዩ።