ውዳሴ ዘአንድ ሴሚስተር

ሐዋሳ ሰው መሸኘት ታውቅበታለች። የሚጠራጠር ካለ ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን የሚሄድ ልጅ ያለበትን ቤት ይፈልግና ቅዳሜ ከሰዓት ጎራ ይበል። ባነሩ ሁለት ሜትር በሦስት ነው፤ የልጁ ፎቶ በግራ፣ አውሮፕላን በቀኝ፣ መሃል ላይ «እንኳን ለዚህ አበቃህ»። ፎቶው ፍቅር ሐይቅ ላይ የተነሳ ስለሆነ ጥግ ላይ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ በክብር ቆሟል። ዓሣው ከአሞራ ገደል መጥቷል። ባጃጆች ጥሩንባቸውን እየነፉ በፒያሳ በኩል መናኸሪያ ድረስ ይሸኙታል፤ የቀረውን 275 ኪሎ ሜትር ሚኒባሱ ይወጣዋል።

ጎረቤት እትዬ «ስንት ዓመት ነው ታዲያ?» ብለው ሲጠይቁ እናትየዋ «እሱ እንግዲህ እንደ ትምህርቱ ነው» ይላሉ። ትምህርቱስ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ የካቲት መጀመሪያ ነው። ግን ለአራት ወር ባነር አሠሩ እንዳይባል ወሩ አይነሳም። ይህን የመሰለ አስተዋይነት ሊመሰገን ይገባል፤ ዛሬ የተነሳነውም ለዚሁ ነው።

ፈረንጆች በዚህ በኩል ድሆች ናቸው። ሰው ሊሄድ ሲል በመዝፈን ፈንታ ቅጽ ያስሞላሉ። በኢራስመስ ፕላስ፣ ማለትም በአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም፣ የሚሄድ ተማሪ «ለርኒንግ አግሪመንት» የሚባል የትምህርት ስምምነት ሰነድ ይሰጠዋል፤ የተማሪው፣ የላኪው ዩኒቨርሲቲና የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ፊርማ ካልተሟላበት አይጸናም። ሰንጠረዥ ሀ ላይ እዚያ የሚወስዳቸው ኮርሶች ይጻፋሉ። ሰንጠረዥ ለ ላይ ደግሞ እነዚያ ኮርሶች እዚህ የትኞቹን እንደሚተኩለት ይዘረዘርና የራሱ ትምህርት ክፍል ይፈርምበታል። ሲመለስ ሴሚስተሩ ይቆጠርለት አይቆጠርለት የሚወሰነው በሰንጠረዥ ለ ነው። የእኛ ሰው ታዲያ ሰንጠረዥ ሀን በአንድ ማታ ሞልቶ ሰንጠረዥ ለን ንጹሕ አድርጎ ይተወዋል። ንጽሕና መልካም ነው።

ደግሞስ ለምን ይሙላው? ለመሙላት የዚያኛውን ዩኒቨርሲቲ የኮርስ መግለጫ ማውረድ፣ ከእኛው ሲላበስ ጋር ርዕስ በርዕስ ማስተያየት፣ ኮርሱን የሚሰጠውን መምህር ማሳየት፣ ከዚያም በትምህርት ክፍሉ አካዳሚክ ኮሚሽን ማስጸደቅ ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ባነሩ ግን በአንድ ቀን ይደርሳል። ጊዜውን የሚያውቅ ሰው ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው።

የኮርስ አመራረጡም ቢሆን የተዋጣለት ነው። ልጁ የሚመርጠው በስም ነው፤ ስሙ ረዘም ያለና «አድቫንስድ» የሚል ቃል ያለበት ከሆነ ይበቃዋል። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሁን ጀርመንኛ የተጻፈበት ዓምድ አጠገቡ አለ፤ ኮርሱ የሚሰጠው በክረምቱ ሴሚስተር ይሁን ከሚያዝያ በሚጀምረው በበጋው የሚገልጽ ዓምድም አለ። ዓምድ ማንበብ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ከደረሰ በኋላ ከአምስቱ ኮርሶች ሁለቱ በጀርመንኛ ብቻ፣ አንዱ ደግሞ በበጋ ብቻ እንደሚሰጡ በግርምት ይረዳል። መቀየር ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የለውጥ ገጹ ተሞልቶ እንደገና ሦስቱም ወገኖች መፈረም አለባቸው። በዚያ ሳምንት ሐዋሳ ያለው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው። በሚቀጥለውም ሳምንት።

ስሌቱን እንተወው ብለን ነበር፣ ግን ለአድናቆት ይጠቅማል። እዚያ የሴሚስተር ሙሉ ጭነት 30 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት) ነው፤ አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይወክላል። በአገራችን የኮርስ ማውጫዎች 3 ክሬዲት ሰዓት ከ5 ኢሲቲኤስ ጎን ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ሒሳብ 30 ኢሲቲኤስ የወሰደ 18 ክሬዲት ሰዓት ይዞ ይመለሳል። «ከተማውንም ልይ እንጂ» ብሎ ሁለት ኮርስ ብቻ የወሰደ ደግሞ 6 ክሬዲትና በጣም ብዙ ፎቶ።

አሁን ወደ ሻንጣው እንሂድ፤ ጥበባችን የሚታየው እዚያ ነው።

በኢኮኖሚ መደብ ለሚበር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። የሰፈሩ ጉባኤ ሁለቱንም ይረከባል። በመጀመሪያው ሻንጣ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ፣ አይብ። በሁለተኛው በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ እዚያ ለሚኖር የሰው ወንድም የተላከ የማይታወቅ ጥቅል። ቅቤው በፕላስቲክ ሦስት ጊዜ ይታሰራል፤ ከዚያም ሽታው እንዳይወጣ በአዲሱ ካፖርት ይጠቀለላል። አውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ እጅ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዲገባ አይፈቅድም፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ለራሴ ነው፣ እናቴ ናት ያነጠረችው ማለት አይሠራም። በርበሬና ሽሮ ያልፋሉ፤ ማር እስከ 2 ኪሎ ያልፋል። ቅቤውና ቋንጣው ጉምሩክ ላይ ተወስደው ይወገዳሉ፤ ሳያሳውቅ ሊያሳልፍ የሞከረም ሊቀጣ ይችላል። ካፖርቱ ግን ይመለስለታል፤ ሽታውም አብሮት ይከርማል። የሚቀጥለው ልጅ እናት ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እናውቃለን፦ «አስተሳሰሩን አላወቀበትም ነው።»

በሁለቱም ሻንጣ ውስጥ የማይገኘው ወረቀት ነው። ማኅተም ያረፈበት ትራንስክሪፕት፣ የስምምነት ሰነዱ ቅጂ፣ የስኮላርሺፕ ደብዳቤው፣ የወሰዳቸው ኮርሶች መግለጫ፦ ሁሉም ቢደመሩ ግማሽ ኪሎ አይሞሉም። ግማሽ ኪሎ ደግሞ አንድ እሽግ ዳቦ ቆሎ ነው።

የስሙም ነገር ያው ነው። በትራንስክሪፕቱ ላይ የአያቱ ስም በአንድ «ኤስ»፣ በፓስፖርቱ ላይ በሁለት ተጽፏል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ቪዛ ማመልከቻው መስኮት ላይ እስኪደርስ ድረስ። ከሐዋሳ በሌሊት ተነስቶ አዲስ አበባ አሻራ ሊሰጥ የሄደ ልጅ ለአንዲት ፊደል ተመልሶ ይመጣል። መንገዱ ያምራል፤ ዝዋይንና ሻላን ደግሞ ያያል።

ሲደርስ ደግሞ ጀርመኖች ሌላ ሰንሰለት ያቀርባሉ። ቤት ከገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው አስተዳደር ቀርቦ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት። ለምዝገባው አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ይጠየቃል። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ብዙ ጊዜ የምዝገባው ወረቀት ይፈለጋል። የስኮላርሺፑ ገንዘብ የሚገባው ባንክ ውስጥ ነው። አከራዩ ደግሞ በሕግ እስከ ሦስት ወር የቤት ኪራይ የሚደርስ መያዣ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያውም ገንዘቡ ገና ሳይገባ። ስለዚህ አንዱ ቀለበት ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል፤ የምዝገባ ቀጠሮውን በኢንተርኔት ከመሄዱ በፊት የያዘ ሰው ብቻ ያመልጣል። የእኛ ልጅ እነዚያን ሁለት ሳምንታት ቀይ የበልግ ቅጠል ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ ያሳልፋቸዋል። ቅጠሉ በኅዳር ይረግፋል፤ ቢሮው የትም አይሄድም። ሎጂኩ እንከን የለውም።

ከሁሉ የምናደንቀው ግን የፈተናውን ነገር ነው። እዚህ ለኮርስ የተመዘገበ ለፈተናም ተመዝግቧል፤ ኪዊዝ፣ ሚድ፣ አሳይመንት፣ ፋይናል እያለ ነጥቡን ይለቅማል። እዚያ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለፈተናው ለብቻ፣ በተወሰነለት ቀን፣ በኦንላይን ሥርዓቱ መመዝገብ ግዴታ ነው። ቀኑ ካለፈ አለፈ። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊተኛ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ከፕሮፌሰሩ ጋር ቡና ቢጠጣ፣ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ አይፈተንም። «ያውቁኛል እኮ» የሚለው የመከላከያ ነጥብ በጀርመን ገና አልተተረጎመም።

የተፈተነውስ? በጀርመን ከፍተኛው ውጤት 1.0 ነው፤ የመጨረሻው ማለፊያ 4.0፤ 5.0 መውደቅ ነው። እዚህ ላይ የሐዋሳ ሊቃውንት ያላቸው ፍጥነት ይታያል። አንዱ ልጅ ለጥቂት ያለፈበትን 4.0 ስክሪንሾት አድርጎ ይለጥፋል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ስትሬት ኤ!»፣ «የኢትዮጵያን ስም አስጠራህ!»፣ «እናትህ ይኮሩብህ!» ይዘንባል። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ከመረቁ በኋላ ትምህርት እንዲህ ነው ብለው የገዛ ልጃቸውን ይገሥጻሉ። ልጁ አያርምም፤ ትሕትና ነው። በዚያው ሰሞን ከዚያው ዩኒቨርሲቲ 1.3 ያመጣች ልጅ አጎቷ ይደውሉላታል፦ «ምን ሆንሽ የኔ ልጅ? ብርዱ ነው? ችግር ካለ ንገሪኝ እንጂ።» አብራራላቸዋለች። «እሺ፣ እሺ» ይላሉ፤ ስልኩን እንደዘጉ ለእናቷ «ልጅቷን ጸሎት ያስፈልጋታል» ብለው ያስታውቃሉ።

አጎትየውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ትራንስክሪፕቱ የውጤት መለኪያው ሳይብራራበት ከመጣ 1.3ን ያየ ማንኛውም የእኛ መዝገብ ቤት ከማለፊያ በታች አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለ፤ ከመመለሷ በፊት በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ መለኪያውን የሚያብራራ፣ ኢሲቲኤስ የተጻፈበትና ቢቻል የውጤት ስርጭት ሰንጠረዥ የተያያዘበት ትራንስክሪፕት መጠየቅ ነው። የኢራስመስ ስምምነት ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ውጤት ከታወቀ በኋላ በአምስት ሳምንት አካባቢ እንዲልከው ይጠብቅበታል። ይህን የሚያነቡ ሰዎች ግን ሽኝት ላይ አይጠሩም፤ ደስታ ያበላሻሉ።

ከዚያ መመለሻው። ልጁ ከአውሮፕላን ሲወርድ ቋንቋው ሌላ ነው። አራት ወር የኖረበትን አገር «እኛ ጋ» ይለዋል፤ ሃያ ዓመት የኖረበትን ደግሞ «እናንተ ጋ»። «እኛ ጋ ባቡር አንድ ደቂቃ አያረፍድም» ይላል፤ የጀርመንን ባቡር የሚያውቁ ጀርመኖች ይህን ቢሰሙ ያለቅሱ ነበር። ባጃጅ ውስጥ የደኅንነት ቀበቶ ይፈልጋል። ውሃ ሲቀርብለት «ጋዝ አለው?» ይላል። ሊንክድኢን ላይ የጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ ስም ከላይ፣ አራት ዓመት የሚማርበት የራሱ ዩኒቨርሲቲ ከታች፣ ያውም በትንሽ ፊደል።

ሬጅስትራር ግን የባቡር ፍቅር የለበትም። ልጁ ሲሄድ «በልውውጥ ፕሮግራም ላይ ያለ» ተብሎ በደብዳቤ ካልተመዘገበ፣ ሲስተሙ የሚያየው ያልተመዘገበ ተማሪ ነው። ሰንጠረዥ ለ ባዶ ስለሆነ የመጡት ኮርሶች የሚቀመጡበት ቦታ የለም። ያመለጡት ኮርሶች የሚሰጡት ደግሞ በዓመት አንዴ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ከእነሱ አንዱ ለሁለተኛው ሴሚስተር ኮርስ ፕሪሪኩዚት፣ ማለትም ቀድሞ መወሰድ ያለበት፣ ነው። እንዲህ ነው የአራት ወሩ ጉዞ የአንድ ዓመት መዘግየት የሚወልደው። ባቹ ይመረቃል፤ እሱ ጋውን ተውሶ አብሯቸው ፎቶ ይነሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለምርቃት ግዴታ የሆነው የመውጫ ፈተናም ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ ካልተማራቸው ኮርሶችም ይጠይቃል። በዚያ ፈተና ላይ «እኛ ጋ» የሚል ምርጫ አልተካተተም።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችንም ድርሻቸውን እንስጥ፤ ያለ እነሱ ይህ ሁሉ አይሳካም። የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት የቆዳ ማኅደር፣ ቡና፣ ፈንዲሻ፣ ሦስት ዙር ፎቶ። ኮርሶችን ማን ያቻችላል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ «ኮሚቴ ይቋቋማል» ነው። ኮሚቴው እስኪቋቋም ተማሪው ሄዶ ይመለሳል።

የተመለሰው ልጅ ኮርሱ እንደገና እስኪሰጥ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። አቶቴ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በቴሌግራምም ቻናል ከፍቶ የስኮላርሺፕ አማካሪ ይሆናል። ግድግዳው ላይ የኮሎኝ ካቴድራል ፎቶ አለ። ማመልከቻ መሙላት፣ የፍላጎት ደብዳቤ መጻፍ፣ ፓስፖርት ፎቶ፣ የሽኝት ባነር ዲዛይን ሁሉም በአንድ ጥቅል ይሰጣሉ። ክፍያ ቅድሚያ ነው። ወረፋው በር ድረስ ደርሷል፤ ስለ ሰንጠረዥ ለ የጠየቀ ደንበኛ ግን እስካሁን የለም።