አዳምና ሔዋን የለበሱት ይሄን በለስ አይደለም

አንድ ወንድማችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ዳገቱ ላይ ስለሚታየው እሾሃም በለስ ሲጽፍ፣ «አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው የለበሱት ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ» ብሏል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን አይደለም።

ስሙ የቆየ ነው፤ ተክሉ ግን እንግዳ ነው። በግእዝ በለስ የሚባለው ሌላ ዛፍ ነው። የሾላና የዋርካ ዘመድ፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ እሾህ የሚባል የሌለው። የመጽሐፍ ቅዱሱ እሱ ነው። የመኖችም ያንኑ ዛፍ በለስ ይሉታል። እሾሃሙ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ መነሻው ሜክሲኮ። እኛ አገር የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስሙን ወረሰ እንጂ ይዞት አልመጣም።

ለነገሩ የቱን ቅጠል ይሰፉታል? ያ ጠፍጣፋው አረንጓዴ ግንዱ ነው። ቅጠሉ ወደ እሾህ ተቀይሯል። ክረምት ላይ ፒያሳ ከልጆች ገዝቶ የበላ ያውቀዋል፦ ፍሬው ላይ ያለችው ጸጉር የመሰለች እሾህ ጣት ላይ ከተሰካች ቀኑን ሙሉ ስትቆጠቁጥ ነው የምትውለው።

«ቁልቋል» የሚሉትም አሉ። ነባሩ ቁልቋል ግን ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው፣ ዓይን የሚያቃጥለው ነው። ከበለሱ ጋር ዝምድና የላቸውም። ያኛውን ለአጥር እንጂ ለአፍ የሚመኘው የለም።